ስም ያልተጠራበት ኢሜይል

በ1990ዎቹ አጋማሽ በብሪታኒያ የመድን ገበያ ውስጥ አንድ ወሬ ይናፈስ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዌስተርን ፕሮቪደንት አሶሲዬሽን የተባለው የጤና መድን ድርጅት ሊከስር ነው፣ መንግሥትም እየመረመረው ነው ይላል ወሬው። የሚቀባበሉት የተፎካካሪው የኖርዊች ዩኒየን ሠራተኞች ነበሩ። ጋዜጣ ላይ አላወጡትም፤ በኩባንያቸው የውስጥ ኢሜይል ተጻጻፉት እንጂ። ነገሩ ሐሰት ነበር። ዌስተርን ፕሮቪደንት ይህን እንደሰማ ፍርድ ቤት ቀረበና ኢሜይሎቹ ሳይጠፉ ተጠብቀው እንዲሰጡት ትእዛዝ አሰጠ። ከዚያ በኋላ መካድ አልተቻለም። በ1997 ኖርዊች ዩኒየን በይፋ ይቅርታ ጠይቆ፣ ለካሳና ለወጪ 450,000 ፓውንድ ከፍሎ ተገላገለ።

ያኔ ኢሜይል ለብዙ ሠራተኛ እንደ ሻይ ሰዓት ወሬ ነበር፤ ይባላል፣ ይረሳል። ጉዳዩ ለእንግሊዝ መሥሪያ ቤቶች ያስታወሳቸው ይህ ወሬ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱና ከነተቀባዮቹ ዝርዝር ተቀምጦ እንደሚቆይ ነው። እንደ ስም ማጥፋት ክስ ከታየ ግን ቀላል ነበር። የተጎጂው ስም በግልጽ ተጽፏል፤ «የተባለው ስለ እኛ ነው» ብሎ መሟገት አላስፈለገም። ጠበቃ የሚያደክመው ሌላው ዓይነት ነው፦ ስም ያልተጠራበት፣ የተጠራው ስም የሌላ ሰው የሆነበት፣ ወይም ብዙ ሰው በጅምላ የተነካበት።

የእንግሊዝን ሕግ ፈለግ በሚከተሉ አገሮች፣ አሜሪካንም ጨምሮ፣ ስሜ ጠፋ የሚል ከሳሽ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት። ቃሉ በሰው ዘንድ የሚያዋርድ መሆኑን፣ ከእሱ ሌላ ያነበበው ሰው መኖሩን፣ የተባለውም ስለ እሱ መሆኑን። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከሌላ የሕግ ቤተሰብ የመጣ ቢሆንም በቁጥር 2044 ላይ የሚያየው አንድን በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ በንግግር፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ ይህ ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም መሳቂያ እንዲሆን ማድረግ፣ ዝናውን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ መጣል ስም ማጥፋት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ኢሜይልን ሊያውቅ አይችልም፤ ኢሜይል ግን ከጽሑፍነት አያመልጥም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ በአንቀጽ 13 ላይ በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ ማሰራጨትን፣ ተበዳዩ አቤት ሲል፣ እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። በሁሉም ዘንድ ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ ተበዳዩ ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ይታሰብ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የአስተዳደር ኃላፊው ለሁሉም ሠራተኛ ኢሜይል ይልካል፦ «ሰሞኑን ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች የግዥ ክፍል ባልደረባችን ከአቅራቢዎች ጋር የነበራት ግንኙነት በመጣራት ላይ ስለሆነ፣ ማንኛውም የግዥ ሰነድ በእኔ በኩል እንዲያልፍ አሳስባለሁ።» ከሥር ግልባጭ ለፋይናንስ፣ ለኦዲትና ለሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይላል። ስም የለም። ኃላፊው ቢጠየቅ «እኔ ማንንም በስም አልጠራሁም» ይላል፤ እውነቱን ነው። የግዥ ክፍሉ ግን ስድስት ሰው ነው። ሴቶቹ ሁለት ናቸው፤ ከወሊድ የተመለሰችው አንዷ ብቻ ናት። ያን ኢሜይል የከፈቱት ሰዎች ከጥቂት ወራት በፊት ለአራስ ጥየቃ አዋጥተው ቤቷ የሄዱ ናቸው። ማን እንደሆነች ለማወቅ ማንን ይጠይቃሉ?

ኢሜይል ከጋዜጣ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጋዜጣ የሚጽፈው ለማያውቀው ሕዝብ ነው፤ ስም ካልጠራ አብዛኛው አንባቢ ስለማን እንደተወራ ሳያውቅ ገጹን ይገልጣል። ኢሜይል ግን የሚላከው ተመርጦ ነው፤ የሚመረጡትም ባለጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ስም መተው ለጋዜጠኛ መጠነኛ ከለላ ይሆነዋል። ለቢሮ ኃላፊ ግን ከለላነቱ ለራሱ ኅሊና ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የተቀባዩ ቁጥር ባነሰ መጠን የተነካውን ሰው መለየት ይቀላልና።

እንግሊዞች ይህን ያደላደሉት ከኢሜይል በፊት ነው። በ1967 ዘ ሰን ጋዜጣ የእሽቅድምድም ውሾችን በመድኃኒት የሚያደነዝዝ ቡድን አንዲት ወጣት ጠልፎ ደብቋል ብሎ ጻፈ። የጠላፊ ስም አልጠቀሰም። ወጣቷ በእነዚያ ቀናት በፈቃዷ ያረፈችው አንድ ሰው ቤት ነበር፤ ሁለቱን አብረው ያዩ ሰዎችም ጋዜጣውን ሲያነቡ ጠላፊው እሱ መሰላቸው። ሰውየው ከሰሰ። ጋዜጣው ዝርዝሩን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ወደዚያ ድምዳሜ ሊደርስ አይችልም ሲል ተከራከረ። ነገሩ ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ እስከነበረው እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደረሰና በ1971 አብዛኞቹ ዳኞች ተራ አንባቢ እየመረመረ ሳይሆን ገረፍ ገረፍ አድርጎ እንደሚያነብ፣ ጽሑፉ ውስጥም ወደ ከሳሹ የሚጠቁም ቃል መኖሩ የግድ እንዳልሆነ ተናገሩ። ጠቋሚው ነገር በአንባቢው ጭንቅላት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ኢሜይል ደግሞ እንዴት እንደሚነበብ ማንም ያውቀዋል፦ በስልክ፣ ታክሲ ውስጥ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች።

ይህ ለከሳሹ በነፃ አይገኝም። አንባቢዎቹ የሚያውቁትን ልዩ ነገር፣ እነማን እንደሚያውቁትም በክስ ማመልከቻው ላይ ዘርዝሮ፣ ቀጥሎ በምስክር ማረጋገጥ አለበት። የግዥ ሠራተኛዋ የሥራ ባልደረቦቿን ጠርታ «ኢሜይሉን ሳነብ እሷን ነው ያሰብኳት» ማሰኘት አለባት፤ በዚያው አለቃ ሥር ደመወዝ የሚበሉ ባልደረቦቿን። ክሶች የሚወድቁት ብዙ ጊዜ በሕግ ነጥብ ሳይሆን እንዲህ ባለው ቦታ ነው፤ ሁሉም ያውቃል፣ የሚመሰክር ይጠፋል።

አንባቢ መኖር አለበት ሲባል ከተነካው ሰው ሌላ ማለት ነው። ለራሱ ለባለቤቱ ብቻ የደረሰ ስድብ፣ በእንግሊዝ ሕግ፣ ስም ማጥፋት አይባልም። በ1915 በታየ አንድ ጉዳይ ፖስታውን የከፈተው የቤቱ አሳላፊ ነበር፤ ያለ ሥራው ገብቶ፣ ለማወቅ ጓጉቶ። ፍርድ ቤቱ ላኪው ይህን ሊገምት አይገባውም ብሎ ተወው። በ1962 ግን ለአንዲት የአካባቢ ምክር ቤት አባል በበሯ የተወረወረን ደብዳቤ ባሏ የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት መስሎት ከፈተው፤ ያን ጊዜ ላኪው ባል ሊከፍተው እንደሚችል ማሰብ ነበረበት ተብሎ 500 ፓውንድ ተፈረደበት። የሥራ አስኪያጅን ኢሜይል ጸሐፊዋ እንደምትከፍት የማያውቅ ሠራተኛ ስለሌለ፣ ዛሬ እንደ 1915ቱ ላኪ ማምለጥ ይከብዳል። ፎርዋርድ ያደረገ ሰውም እንደ አዲስ ጸሐፊ ሊጠየቅ ይችላል።

የጸሐፊው ሐሳብስ? ጸሐፊው ማንንም ባያስብ፣ ሰውየውንም ከነጭራሹ ባያውቀውስ? በዚህ ላይ ከ1908ቱ ታሪክ የሚበልጥ የለም። ሰንዴይ ክሮኒክል የተባለ የእንግሊዝ ጋዜጣ በፈረንሳይዋ የባሕር ዳር ከተማ በዲዬፕ ስለተካሄደ የመኪና ትርዒት የሚያዝናና ጽሑፍ አወጣ። እዚያ ከሚስቱ ሌላ ከሆነች ሴት ጋር ሲዝናና የታየ አንድ እንግሊዛዊ አለ፤ አርቴመስ ጆንስ ይባላል፣ ለንደን ሲመለስ በፔክሃም የተከበረ የቤተ ክርስቲያን ሹም ነው። ጸሐፊው ስሙን ፈጥሬዋለሁ ባይ ነበር። ዌልሳዊው ጠበቃ አርቴመስ ጆንስ ግን በአካል ነበር፤ ያውም ቀደም ሲል ለዚያው ጋዜጣ ይጽፍ የነበረ ሰው። የቤተ ክርስቲያን ሹም አልነበረም፣ ፔክሃም አልኖረም፣ ሚስትም አልነበረችው። ጓደኞቹ ግን ችሎት ቀርበው ስናነበው እሱ ነው ያልነው ብለው መሰከሩ። ጁሪው 1,750 ፓውንድ ፈረደለት፤ የሎርዶች ምክር ቤትም በ1909 አጸናው። ጥያቄው ጸሐፊው ማንን አሰበ ሳይሆን አንባቢው ማንን ተረዳ ነው ተባለ።

ፍርዱ ለጸሐፊ ጨካኝ ነው፣ ብዙ የሕግ ሰዎችም ነቅፈውታል። ከተነካው ሰው ወገን ሆነው ሲያዩት ግን ሌላ ይመስላል፤ ጎረቤት ፊቱን ያዞረበት ሰው ጸሐፊው ክፋት እንዳልነበረው ቢነገረው የሚመለስለት ነገር የለም። ከ30 ዓመት በኋላ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። አንድ የለንደን ጋዜጣ ሁለት ሚስት በማግባት የተፈረደበትን የ30 ዓመት የካምበርዌል ሰው ዘገበ። ዘገባው እውነት ነበር፤ ሰውየው የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ነው። እዚያው ካምበርዌል ግን በስም፣ በዕድሜም ጭምር የሚመሳሰለው ፀጉር አስተካካይ ሞክሼ ነበረው። ስለ አንዱ እውነት የሆነው ስለ ሌላው ስም ማጥፋት ሆነ። ጋዜጣው ተሸነፈ፤ ካሳው ግን አንድ ፋርዚንግ፣ የፔኒ ሩብ፣ ሆነ። ፓርላማው በ1952 ባወጣው ሕግ ሳያውቅ ለሳተ ሰው አርሞና ይቅርታ ጠይቆ መውጫ በር አበጀለት።

ሞክሼ ለሐበሻ እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተሰብ ስም በሌለበት፣ የራስና የአባት ስም ብቻ በሚጻፍበት አገር አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው በስም እስከ አባት ይገጥማል፤ ለዚህም ነው የደመወዝ ሊስት ላይ አያት የሚጨመረው። ኢሜይል ላይ ግን አያት የሚጽፍ የለም። «እገሌ እገሌ የገንዘብ ጉድለት ተገኝቶበት ተሰናብቷል» የሚል መልእክት ለቅርንጫፎች ሁሉ ሲበተን፣ ሐዋሳ ያለው ሞክሼ ጉድለቱ የእሱ እንዳልሆነ ለደንበኞቹ ማስረዳት የእሱ ዕዳ ይሆናል።

ወደ ጅምላው ስንመጣ ሕጉ ጠበብ ይላል። በ1941 አንድ የለንደን ጋዜጣ «ወጣት ሩሲያ» የተባለውን የስደተኞች ንቅናቄ የሂትለር መጠቀሚያ ለመሆን የተዘጋጀ አድርጎ ጻፈ። ንቅናቄው በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ነበሩት፤ በብሪታኒያ ግን 24 ብቻ። የብሪታኒያው ቅርንጫፍ መሪ የተነካሁት እኔ ነኝ ብሎ ከሰሰ፤ በመጀመሪያው ችሎት 3,500 ፓውንድ ተፈረደለት። በ1944 የሎርዶች ምክር ቤት ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ንቅናቄው እንጂ ስለ አንተ አይደለም ብሎ አሰናበተው።

የቁጥሩን ነገር ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ግን አሜሪካ ውስጥ በ1952 የታየው የኒማን ማርከስ ጉዳይ ነው። በዚያው ዓመት የወጣ አንድ መጽሐፍ ዳላስ በሚገኘው በዚህ የታወቀ ሱቅ ሠራተኞች ላይ ጸያፍ ነገር ጽፎ ነበር። ልብስ የሚያሳዩት ሞዴሎች ዘጠኝ ነበሩ፤ ዘጠኙም ከሰሱ። ከ25 ወንድ ሻጮች 15ቱ፣ ከ382 ሴት ሻጮች ደግሞ 30ው ከሰሱ። የኒው ዮርኩ ዳኛ የሞዴሎቹና የወንዶቹ ክስ ይቀጥል፣ የሴት ሻጮቹ ይውደቅ አለ። 382 ሰው ሲሰደብ አንዷን ለይቶ የሚያያት አንባቢ የለም ማለቱ ነው። መጽሐፉ ላይ ወንዶቹ ሁሉም እንደዚያ ናቸው አልተባለም፤ «አብዛኞቹ» ነው የተባለው። ቢሆንም 25 ሰው ትንሽ ነውና ጥርጣሬው እያንዳንዱን ይደርሰዋል። «ከሌሊት ፈረቃ ጥበቃዎች ውስጥ ሌባ አለ» የሚል ኢሜይል ጥበቃዎቹ ሦስት ሲሆኑና 300 ሲሆኑ አንድ አይደለም።

ይህ «ስለ ማን ነው» የሚለው ጥያቄ አንድ ጊዜ የአሜሪካን ፕሬስ አድኗል። በመጋቢት 1960 ኒው ዮርክ ታይምስ የማርቲን ሉተር ኪንግ ደጋፊዎች የከፈሉበትን ማስታወቂያ አወጣ፤ ማስታወቂያው የአላባማዋን ሞንትጎመሪ ፖሊስ ይከስሳል፣ ጥቃቅን ስሕተቶችም ነበሩበት። የከተማዋ ፖሊስ የበላይ ኃላፊ ሱሊቫን ስማቸው የትም አልተጠቀሰም፤ «ፖሊስ ማለት እኔ ነኝ» ብለው ከሰሱና የአላባማ ጁሪ 500,000 ዶላር ፈረደላቸው። በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ይህ ውሳኔ የሚታወቀው ሹማምንት ጸሐፊው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነትነቱን ከምንም ሳይቆጥር መጻፉን ማስረዳት አለባቸው በማለቱ ነው። ያነሰ የሚወሳው ሁለተኛው ክፍሉ ነው፦ በመንግሥት ሥራ ላይ የተሰነዘረን ነቀፋ ሥራውን የሚመራው ሹም በራሱ ላይ እንደተሰነዘረ ስድብ ቆጥሮ ሊከስ አይችልም።

እስካሁን ስሙ ወይ ተጠርቷል፣ ወይ አልተጠራም። በ1994 ኒው ዮርክ ውስጥ የሆነው ግን ከሁለቱም አይደለም። የ15 ዓመት የቦይ ስካውት ልጅ ከፕሮዲጂ፣ በወቅቱ ከነበሩት ትልልቅ የኦንላይን አገልግሎት ኩባንያዎች አንዱ፣ ደብዳቤ ደረሰው፤ ጸያፍና አስፈራሪ መልእክት በመላክህ አካውንትህ ተዘግቷል ይላል። ልጁ በፕሮዲጂ አካውንት ኖሮት አያውቅም። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በስሙ አካውንቶች ከፍቶ ለስካውት መሪው ብልግናና ዛቻ ያለበት ኢሜይል ልኮ ኖሯል። ኢሜይሉ ስለ ልጁ አንድም ክፉ ቃል አይናገርም፤ የልጁ ስም ያለው «ላኪ» በሚለው ቦታ ነው። ታዲያ ይህ ስለ እሱ የተባለ ነው?

መካከለኛው ፍርድ ቤት አይደለም አለ። የኒው ዮርክ የበላይ ፍርድ ቤት ግን በ1999 አንድ የ1929 ጉዳይ አስታወሰ፤ አንዲት ስለ ፍልስጤም ጥበብና ልማድ የምታስተምር ሴት ያልጻፈችው፣ ስሕተት የሞላበት ጽሑፍ በስሟ በጋዜጣ ወጥቶ በሙያው ሰዎች ዘንድ መሳለቂያ አድርጎኛል ብላ የከሰሰችበትን። ሰውን ባላለው ነገር ባለቤት ማድረግም ስም ያጠፋል ማለት ነው። ልጁ የተሸነፈው በዚህ ሳይሆን በሌላ ነጥብ ነው። አባቱ የከሰሱት አስመሳዩን ሳይሆን ፕሮዲጂን ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ኢሜይል አስተላላፊ እንደ ስልክ ኩባንያ ነው፣ በመስመሩ ላይ ለሚያልፈው ቃል አሳታሚ አይባልም አለ። አስመሳዩ ማን እንደነበር ሳይታወቅ፣ ክሱ በዚያው ተዘጋ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስም የመጥራት ነገር ቀላሉ ክፍል ይመስላል። ስቴፕልስ የተባለው የአሜሪካ የቢሮ ዕቃ ሻጭ ኩባንያ እንደዚያ መስሎት ነበር። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ የጉዞ ወጪ ሒሳቡ ተመርምሮ ተሰናበተ። በማግስቱ ከኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንቶች አንዱ በሰሜን አሜሪካ ክፍል ላሉ 1,500 ገደማ ሠራተኞች ኢሜይል ላከ፤ ሰውየውን በስሙ ጠርቶ የጉዞና የወጪ መመሪያውን ባለማክበሩ ከሥራ መሰናበቱን አስታወቀ። የተጻፈው ሐሰት አልነበረም። እውነት ደግሞ በአሜሪካ የስም ማጥፋት ክስን የሚያቆም ጋሻ ነው ይባላል። ሠራተኛው የከሰሰው ግን ማሳቹሴትስ ውስጥ ነበር፤ እዚያ በ1902 የወጣ፣ የተረሳ የሚመስል ሕግ በጽሑፍ የተባለ እውነት እንኳ በተንኮል ከተባለ ጋሻ አይሆንም ይላል። በየካቲት 2009 የቦስተኑ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ችሎት ቀደም ሲል ለኩባንያው የሰጠውን ውሳኔ ለውጦ ጉዳዩ ጁሪ ፊት ይቅረብ አለ። ችሎቱ ለተንኮል ምልክት ሊሆን ይችላል ካላቸው ነገሮች አንዱ ስሙ መጠራቱ ራሱ ነበር፦ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ከዚያ በፊት የተባረረን ሠራተኛ በስም ጠርቶ ለጅምላው ጽፎ አያውቅም።

ለኢትዮጵያዊ የሕግ ሰው ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2047 እውነትን ያስረዳ አይጠየቅም ካለ በኋላ፣ የጻፈው ለመጉዳት ብቻ ሲል ከሆነ ግን እውነት ቢሆንም አያድነውም ይላል። በአሜሪካ ግን ጋዜጦችና የሚዲያ ድርጅቶች ተንጫጩ፤ እውነት ተናግሮ መከሰስ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አሉ። ችሎቱ ስቴፕልስ ይህን ክርክር በጊዜው አላነሳውም ብሎ አለፈው። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ጁሪው ተሰይሞ ለስቴፕልስ ፈረደ።

ከዚያ ወዲህ የአሠሪ ጠበቆች የሚመክሩት ሁለቱን ነገር መለየት ነው። አንድ ኢሜይል እገሌ ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ጋር እንደማይሠራ፣ ደንበኞቹን ማን እንደተረከበ ይናገር፤ ምክንያት አይጥቀስ። የወጪ መመሪያውን የሚያስታውስ ሌላ ኢሜይል ደግሞ ያለ ስም ይውጣ። ምክሩ የሚሠራው በሁለቱ መካከል በቂ ጊዜ ካለ ነው። በ1978 ሰንዴይ ቴሌግራፍ በአንድ እሑድ እትሙ የሊበራል ፓርቲ ባለጸጋ ለጋሽ ከግድያ ሤራ ጋር በተያያዘ ስሙ ተነሥቷል ብሎ ያለ ስም ጻፈ፤ በሚቀጥለው እሑድ ለጋሹን በስም ጠራ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ማንንም አይለይም የሚለው የጋዜጣው ክርክር አልሠራም፤ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1981 ጁሪው የፊተኛው ስለ ማን እንደነበር ለማወቅ የኋለኛውን ማየት ይችላል አለ፤ 50,000 ፓውንዱ ካሳም ጸና።